ጀልባዋን የሰፋሁ ሰሞን

ሐሙስ 1

ይህ ደብተር የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ነው። ከፊት በኩል ትከሻና ወገብ፣ የእጅጌ ቁመትና የአንገት ዙሪያ ሞልቶታል፤ ከኋላ በኩል ባዶ ስለነበር ገልብጬ ጀመርኩት። ጻፊ ያለኝ ባለቤቴ ነው። ጀልባዋን ስትጠግኚ ስንት ጠብታ ማጠንከሪያ ምን ላይ እንደጨመርሽ ካልጻፍሽ በማግስቱ ይጠፋሻል አለኝ። የጠብታውን ጉዳይ በብጣሽ ወረቀት እየጻፍኩ አሳየዋለሁ። ይሄኛውን ግን አያየውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ማክሰኞ፣ መሻገሪያው ለነፋሱ ወር ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ባለቤቴ ተሳፋሪዎቹን ማዶ አድርሶ ባዶውን ሲመለስ ነፋሱ ገፍቶ ከአሮጌው መውረጃ ብረት ጋር አላተመው። የጀልባዋ ሆድ ተቀደደ፤ የእሱ ቀኝ ክንድ ተሰበረ። ሐኪሙ ጄሶውን እየጠቀለለ ያመው እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ጀልባዋን ከውሃ አውጥተዋት እንደሆነ መልሶ ጠየቀው። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያገባሁት።

እዚያው ሆነን የፋይበር ጀልባ ለሚጠግነው ሰው ደወልን። ወረፋዬ ለአንድ ወር ተኩል ሞልቷል አለ። መሻገሪያው ደግሞ በመጪው ወር የመጀመሪያ ቀን ይከፈታል፤ በዚያ ቀን ያልተገኘች ጀልባ የዓመቱን ተራዋን ታጣለች። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይሄኔ የማያርፈው አፌ ተከፈተ።

"ፋይበር ማለት ጨርቅ አይደል እንዴ? ጨርቅ ከሆነ እኔ እሰፋዋለሁ።"

ሐኪሙ ሳቀ። ባለቤቴ ግን አልሳቀም፤ ዞሮ አየኝ። ሰው ፊት የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ አልወድም። ስለዚህ ይኸው፣ ጀልባ ሰፊ ሆኛለሁ።

አርብ 2

ዛሬ ለካኋት። ከመሻገሪያው ጎን ባለው የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ በጎኗ አጋድመዋታል። ሌላ አለካክ ስለማላውቅ እንደ ደንበኛ ጻፍኳት።

ስም፦ ጀልባ። ቁመት፦ 6 ሜትር ከ20። ወገብ፦ 1 ሜትር ከ70። ቀዳዳ፦ ርዝመት 74 ሴንቲ፣ ሰፊው ቦታ ላይ 31። የሚረከቡበት ቀን፦ 30።

ሬዲዮ ከጀርባዬ ቆሞ ደረቷንስ አትለኪም ወይ አለኝ። ሬዲዮ ጡረታ የወጣ ጀልባ ነጂ ነው። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ ጠዋት የሰማውን እስከ ምሳ ሰዓት ላልሰማ ያዳርሳል። አንተ ለምን አትጠግናትም ብለው ፋይበሩን የሚያጣብቀው የሬዚን ሽታ ደረቴን ይዘጋዋል አለኝ። ወሬ ሲሆን ግን ደረቱ ክፍት ነው።

ቅዳሜ 3

ጋሼ መጣ። ታላቅ ወንድሜና የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው። ስድስት ዓመቴ ሳለሁ ከመውረጃው ላይ ተንሸራትቼ ውሃ ውስጥ ስገባ በፀጉሬ ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እኔና ውሃ በሩቁ ሰላም እንባባላለን። በትዳር በኖርኩበት ሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የባለቤቴ ጀልባ ላይ አንድ ቀን እግሬን አሳርፌ አላውቅም። ማዶ የሚኖሩትን አማቴን ለመጠየቅ እንኳ ሐይቁን በመኪና ግማሽ ቀን ዞሬ ነው የምሄደው። እሳቸውም ሲያዩኝ ምራቴ ዓለምን ዞራ መጣች ይላሉ።

ጋሼ ለባለቤቴ ሥራ ይዞለት ነው የመጣው። ሚዛን አጠገብ ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን ጆንያ የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋሉ። ግድግዳ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ ወንበር አለው። ቦታውን እስከ ወሩ መጨረሻ አቆየዋለሁ አለ። ባለቤቴ ጄሶውን እያሻሸ ብዙ አሰበ። ከዚያ ጀልባዋ እስከ 30 ተጠግና የመሻገሪያው ተቆጣጣሪ ካሳለፋት በውሃው እቀጥላለሁ፣ ካልሆነ ግን መጋዘን እገባለሁ ብሎ ቃሉን ሰጠ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። እኔ የምፈልገው መጋዘኑን ነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ልቤ ድው የሚልበት ዘመን እንዲያበቃልኝ እፈልጋለሁ። ጀልባዋን የምጠግናት ደግሞ እኔው ነኝ። በእጄ የገባ ሥራ አበላሽቼ አላውቅም። እንግዲህ እናያለን።

ሰኞ 5

የቀለም ሱቋ ሴትዮ ዘንድ ሄጄ ሬዚን፣ ማጠንከሪያ፣ ሮለር፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አመጣሁ። ጨርቁን ስትዘረጋልኝ ግን ዓይኔ በራ። እንደ ሸራ የተሸመነ፣ እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ ነጭ ነገር ነው። ክሩ መስታወት ነው አለችኝ። ሐር ሰፍቻለሁ፣ ቬሎ ሰፍቻለሁ፤ መስታወት ግን ሰፍቼ አላውቅም። በጣቶቼ መሃል አድርጌ ሳሸው ሴትዮዋ ቶሎ ብላ ነጠቀችኝ፤ ያሳክካል አለች።

ስትናገር ትንፋሽ አትወስድም። ያስያዘችኝን ሳልረሳ ልጻፍ። የቀዳዳውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል እንደ ተዳፋት አድርጎ መፋቅ። ከውጭ በኩል ላስቲክ የለበሰ ጣውላ መደገፍ። ሬዚኑ በሚዛን፣ ማጠንከሪያው በጠብታ። ሁለቱ ከተዋሃዱ በኋላ ያለሽ ጊዜ ሩብ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ትንሹ ጨርቅ፣ ከዚያ እየሰፋ እየሰፋ ይደረባል። አየሩ በሮለር ይውጣ። ጨርቁንም ጀልባዋንም ውሃ አይንካቸው፤ እርጥበት ካገኘው ወተት ይመስልና አይይዝም።

ልወጣ ስል የማን ጀልባ እንደሆነች ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ካፒቴኑ አንቺን አምኖ ሰጠሽ?" አለችና ራሷን ነቀነቀች፤ "ጎበዝ።" ማናችንን እንዳለች አልገባኝም።

ማክሰኞ 6

መፋቅ። ቀኑን ሙሉ መፋቅ። የኤሌክትሪክ መፋቂያው ግራይንደር እንደ ተናደደ ሰው ይጮሃል። ቅንድቤ ነጭ፣ ጫማዬ ነጭ። ሬዲዮ ሲያየኝ በአንድ ቀን አረጀሽ አለ። ሁለት ደንበኞች መጥተው የስፌት ሱቄ ተዘግቶ ስላገኙት ተመልሰዋል። ግራይንደሩን ይዤ ስለዋልኩ ይህን የጻፍኩት ዶሮ እንደጫረችው ነው።

ረቡዕ 7

አንገቴን ያሳክከኛል። ክንዴን ያሳክከኛል። ማታ በሙቅ ውሃ ታጥቤ ጭራሽ ባሰብኝ። ባለቤቴ በመስታወት ብናኝ ላይ ሙቅ ውሃ አይፈስም፣ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነው አለኝ። ይህን የነገረኝ ታጥቤ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ሐኪሙ ሽታውና አቧራው ይቅርብህ ስላለው ቀኑን የሚውለው ሱቄ ውስጥ፣ መስኮቱ ጋ ባለው ወንበሬ ላይ ነው። ወንበሬ ወደ ሐይቁ ዞሮ ነው የተቀመጠው። ለብርሃኑ ነው፤ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ ብርሃን ያስፈልገኛል። እሱ ግን እዚያ ተቀምጦ የሚያየው ባዶውን ውሃ ነው። በደህናው ጊዜ ማታ ሲመጣ ገና ከደጅ ሳለ፣ ሰማያዊው ዛሬም አላለቀም እንዴ፣ ደግሞ ቀይ ጀመርሽ እንዴ እያለ ነበር የሚገባው። ምን ቀለም ስሰፋ እንደዋልኩ አንድ ቀን ስቶ አያውቅም። ወሬውን ማን እንደሚያቀብለው አውቃለሁ። ሬዲዮ የማያቀብለው ነገር አለ እንዴ?

ዛሬ ሬዲዮ ከመጠለያው ውጭ ቆሞ ለሁለት ሰዎች፣ "ተቆጣጣሪው እንደሆነ የተጠገነው ቦታ ላይ ሳያስቀምጥ አያሳልፍም" ሲል ሰማሁት። ብቅ ስል ሦስቱም ዝም አሉ። ማንንም ያስቀምጥ፤ ባለቤቴ ከነጄሶው እንዴት እንደሚቀመጥ እሱ ይጨነቅበት።

አርብ 9

ዛሬ ጉድ ፈላ። ለሙከራ በጣሳ ትንሽ ሬዚን አዋሃድኩና ቶሎ ይድረቅ ብዬ ማጠንከሪያውን አበዛሁበት። ጣሳው እጄ ላይ እንደ ምድጃ ጋለ፣ ቀጥሎ ጨሰ። ወርውሬው ወደ ውጭ ስሮጥ ሬዲዮ ቀድሞኝ በሩ ጋ ደርሶ ነበር። ጉልበቴን ይዞኛል ሲል የከረመ ሰው ነው።

ወሬው ከእኔ በፊት ቤት ገብቷል። ባለቤቴ ስንት ጠብታ እንደጨመርኩ ጠየቀኝ። አልቆጠርኩም አልኩት። ጨው መሰለሽ እንዴ የምትነሰንሺው አለኝ። የወጥም ጨው ቆጥሬ አላውቅም፣ ሲጣፍጥህ ግን ትበላለህ አልኩት። እሱ እየሳቀ፣ እኔ እየተኮሳተርኩ አብረን ጠብታ መቁጠር ተለማመድን። በግራ እጁ ከእኔ ይሻላል።

ሰኞ 12

ቂጧ የተበሳ የቆርቆሮ ገንዳ ነበረችን። በሦስት ድርብ ጨርቅ ጣፍኳት። ትናንት ማታ ውሃ ሞልተን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናትና ባለቤቴ ከሥሯ ጋዜጣ ዘረጋ። ጠብ ካለች ጋዜጣው ይናገራል አለ። ዛሬ ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነስቶ ሲዳብስ ሰማሁት። ጋዜጣው ደረቅ ነው። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ጋዜጣውን ይዞ እስከ አልጋዬ መጥቶ ጉንጬ ላይ አስነካኝ፣ ድርቀቱን እንዳረጋግጥ።

እኔም ሳልወድ በግድ ሳቅኩ። ቀኑን ሙሉ ስሰፋ ሳንጎራጉር እንደዋልኩ የነገረችኝ ቢጫ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ናት። ለምን እንዳንጎራጎርኩ እንጃ። ገንዳ መጠገን ሌላ፣ ጀልባ ሌላ።

ረቡዕ 14

ዛሬ የሠራሁትን ሥራ ሰው ሁሉ ባየልኝ። መጀመሪያ የቀዳዳውን ቅርጽ በጋዜጣ ላይ አወጣሁ። ከዚያ ስድስት ጨርቅ ቆረጥኩ፣ እያንዳንዱ ካለፈው በየዙሪያው በሦስት ጣት ይሰፋል። ጠርዛቸው እንደ ሙሽራ ልብስ ጥንቅቅ ያለ ነው። በጠመኔ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ጻፍኩባቸው። ሱቅ ውስጥ ታጥፎ የከረመ ስለሆነ ግን ጨርቁ ተጨማዶ ነበር። የተጨማደደ ጨርቅ ሥራ ላይ አውዬ አላውቅም። አሠሪዬ የነበሩት ሽማግሌ እንዳስተማሩኝ ውሃ በአፌ ይዤ እፍ እፍ አልኩበትና በካውያ ተኮስኩት። እንዳይደርቅና እንደገና እንዳይጨማደድም በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ።

መጠለያው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ጠብታ ቆጠርኩ፣ በብሩሽ ቀባሁ፣ ደረብኩ፣ በሮለር ዳመጥኩ። ስድስቱም ልክክ አሉ። አንድም ሽብሽብ የለውም።

ሐሙስ 15

ነጭ ሆኗል። ወተት። በጥፍሬ ስነካው ይለጠፋል። ጠርዙን ይዤ ሳብ ሳደርገው ላይኛው ጨርቅ እንዳለ ተነስቶ መጣ። መጠለያውን ዘግቼ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሬዲዮ እንኳ አላወቀም።

አርብ 16

ነገርኩት። ባለቤቴ እንዴት እንዴት እንዳደረግሁ ከመጀመሪያው ጠየቀኝ፤ እኔም ካውያው ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። 

"ካውያ?" አለኝ።

"ጨርቅ ነዋ!"

ክንዱን እስኪያመው ሳቀ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እኔ ምን ላድርግ? ልብስ ሰፊ ሳይተኩስ አይሰፋም፣ ይሄ የሙያ ጉዳይ ነው። ውሃ አይንካው ብሎ የነገረኝም ሰው የለም።

ሳቁ ሲያልቅ ስልኩን አንስቶ ራሱ ለጋሼ ደወለ። ነገ መጥቼ ቦታውን ልይ አለው። አሥራ አራት ቀን እያለው። ደስ ብሎኛል። የምፈልገው ይህንኑ አልነበር? ግድግዳ አለው፣ ጣሪያ አለው።

እሑድ 18

ትናንት ከመጋዘኑ ተመልሶ ሲያመሰግነው አመሸ። ሚዛኑ ትልቅ ነው፣ ወንበሩ መደገፊያ አለው፣ ነፋስ የሚባል ነገር የለም፣ ዝናቡንም ጣሪያው ላይ በጆሮህ ብቻ ነው የምትሰማው አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ አንድን ነገር ከሦስት ጊዜ በላይ ካመሰገነ አልወደደውም ማለት ነው።

ዛሬ ከሰዓት ሱቁ ስገባ ወንበሬን አዙሮት አገኘሁት። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ የተደባለቁ ቁልፎቼን በግራ እጁ በየቀለማቸው እየለየ ነው። ለምን ዞርክ አልኩት። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ አለ። ሰማዩ ድፍን ደመና ነበር።

አንጀቴን በላው። ወደ ጓዳ ገብቼ ይህን ደብተር አወጣሁና የ5ቱን ገጽ ገለጥኩ። "ጨርቁንም ጀልባዋንም ውሃ አይንካቸው።" የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። ነግረውኛል፤ ሰምቻለሁ፤ ጽፌዋለሁም። ታዲያ ካውያውን ያነሳው ማነው? እጄ በልማዱ ይሁን ልቤ ሆነ ብሎ፣ እኔም አላውቅም። ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰው ሥራ አምኖ ሲሰጠኝ አበላሽቼ አላውቅም፣ የመጀመሪያው ባለቤቴ ሊሆን ነው?

ተመልሼ ተነስ ሳልለው ወንበሩን ከነሰውየው ወደ መስኮቱ ጎትቼ አዞርኩት። ቁልፎቹ መሬት ተበተኑ።

"አሥራ ሁለት ቀን አለን" አልኩት።

"ጨርቅስ?"

"ለስድስት ድርብ በቅቶ ይተርፋል።"

ጎንበስ ብሎ ቁልፍ እየለቀመ፣ "ካውያውን ደብቄዋለሁ" አለኝ።

ሰኞ 19

በመዶሻና በመሮ ነጩን ሁሉ አነሳሁ። ከዚያ ግራይንደር። ከዚያ ማጽጃው አሴቶን። ዛሬ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የታጠብኩት፤ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ማሳከኩ ግን ቀንሷል።

ረቡዕ 21

ሁለት ቀን ሙሉ ነፋስና ዝናብ። መጠለያውን ዙሪያውን በላስቲክ ጋረድኩት። እዚያ እሳት ማንደድ አይቻልም፣ ሬዚኑ አጠገብ ክብሪት ማየት አልፈልግም። መጠበቅ ብቻ ነው። ጨርቁን በቤታችን ከሁሉ ደረቅ የሆነው ቦታ አስቀምጬዋለሁ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሠርግ ልብሴ ሥር። ባለቤቴ በሰዓት አንዴ ቁም ሣጥኑን እየከፈተ ይዳብሰዋል። የሠርግ ልብሴን ግን ከሠርጋችን ወዲህ የነካው አይመስለኝም።

ስቸኩል ሌሊቱ አይነጋልኝም። ለምን እንደምቸኩል ራሴን አልጠይቅም።

ሐሙስ 22

ፀሐይ! ጨርቁ ደረቅ፣ ጀልባዋ ደረቅ። ባለቤቴ ከመጠለያው ውጭ፣ ሽታው በማይደርስበት በኩል ሰዓቱን ይዞ ቆመ። አምስት ደቂቃ ይላል። ስምንት ይላል። አንደኛ ገባ። ሁለተኛ። አሥራ ሁለት፣ ፍጠኚ። ጣሳ ቀየርኩ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ላቤ መነጽሬ ላይ ይንጠባጠባል፣ በክንዴ ጠረግሁት፤ አንድም ጠብታ አልወደቀበትም። አምስት። ስድስት። ሮለሩን ሳስቀምጥ ጣቶቼ አልዘረጋ አሉኝ።

ነጭ ነገር የለበትም እስካሁን።

ቅዳሜ 24

ጠንክሯል። ከውጭ የደገፍኩትን ጣውላ ሳነሳ ብርሃኑ በመጠገኛው በኩል አለፈ፤ ማር ይመስላል፣ ሽመናው እንኳ ይታያል። በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ደህናው ቦታ ኳ ይላል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ አለቀስኩ። ከአሴቶኑ ሽታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተነስቼ ውጭውን በሁለት ጨርቅ ደረብኩ።

ጋሼ እዚያው መጣ። ጓንቱን አውልቄ ሰላም አልኩት። መጠገኛውን ዳበሰ፣ አንኳኳ፣ ጎንበስ ብሎ በውስጥም አየ። ሲያደንቅ ዝም የሚል ሰው ነው። የባልሽን ቦታ የሚፈልጉ ሰዎች ደጄ ቆመዋል፣ ምን ልበላቸው አለኝ። ተቆጣጣሪው ገና አላየም፤ አምስት ቀን ጠብቅ ብለው ይጠብቀኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ለሌላ ሰው ስጠው" አልኩት።

ረጅም ጊዜ አየኝ። ያን ዕለት ከውሃ ሲያወጣኝ እንዳየኝ አየኝ። "ከባልሽ ጋር ተማክረሻል?" አለኝ። አዎ አልኩት። ውሸት ነው። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ሲሄድ ነው። አሁን ጀልባዋ ካላለፈች መጋዘንም የለንም፣ ውሃም የለንም።

ማክሰኞ 27

ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም። ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም። ሰማያዊው ከአሮጌው ጋር ገጠመ። ሬዲዮ ቀዳዳው የቱ ጋ እንደነበር መፈለግ ጀመረ፤ ሳያገኘው ስለቀረ ደስ አለኝ፣ አልነገርኩትም። ለባለቤቴ ስለ ጋሼ ዛሬም አልነገርኩትም። ነገ።

ሐሙስ 29

ተቆጣጣሪው መጡ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰውዬ ናቸው። ኪሳቸው ውስጥ ሳንቲም ይዘዋል። ጀልባዋን ከአፍንጫዋ ጀምረው በሳንቲሙ ኳ ኳ እያደረጉ፣ ጆሯቸውን እያስጠጉ መጡ። መጠገኛው ጋ ደረሱ። ኳ ኳ። አልፈውት ሄዱ፤ ተመልሰው ደግሞ አንኳኩት። ከዚያ ማን እንደሠራው ጠየቁ። ባለቤቴ፣ ሬዲዮና ሌላ ጀልባ ላይ የሚሠሩ ሁለት ልጆች ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"እንግዲያው ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መጠገኛው ላይ ይቀመጣሉ" አሉኝ። "ማዶ ደርሰን እንመለሳለን። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።"

ባለቤቴ ነው የሚቀመጠው መስሎኝ ነበር አልኳቸው። በራሱ ሥራ ላይ የማይቀመጥ ሰው የጠገነውን አሳልፌ አላውቅም አሉ። ለዚህ ኖሯል ሬዲዮ ያን ቀን ሲያየኝ ዝም ያለው።

"እኔ ውሃ አልወድም" አልኳቸው።

"ማን ይወዳል?" አሉ ሳንቲሙን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ። "ለዚህ አይደል በጀልባ የምንሄደው።"

ማታ ራት አልበላ አለኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት ባለቤቴን። ሃያ ሁለት ዓመት የምሠራው እዚያ ነው አለኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ጨርቁን መተኮስ አይደለም፣ ገንዳ ውስጥ ትነክሪው ነበር።"

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ያን ዕለት በካውያው ሲስቅ ልቤ መጋዘኑን እንደሚሻ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያውቅ ነበር፣ ግን አንድ ቀን አልወቀሰኝም። ቀጥሎ ጎኔ መጥቶ ተቀመጠና በለሆሳስ፣ ካልቻልሽ ይቅር፣ ለጋሼ ጠዋት ልደውልለት አለኝ።

"ጋሼ ቦታውን ለሌላ ሰጥቶታል" አልኩት።

"ማን ስጥ አለው?"

"እኔ።"

 ሳህኔን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። በላሁ።

አርብ 30

ገባሁባት። እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም፣ የባለቤቴን ደህና ክንድ ግን እንደቧጠጥኩት ዛሬ ማታ አሳይቶኛል። መጠገኛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ፣ ጋዜጣው ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ከፊት፣ ተቆጣጣሪው ከጎን፣ ሬዲዮ ሞተሩ ላይ። ጄሶው እስኪወልቅ የሚነዳት ሬዲዮ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ወሬ አያጡም።

መጀመሪያ ዓይኔን ከጋዜጣው ላይ አላነሳሁም። አንድ ጽሑፍ ስለ ስንዴ ዘር ነበር፣ አሁን በቃሌ ልወጣው እችላለሁ። ውሃው ከሥሬ ሲመታ መዳፌ ላይ ይሰማኛል፤ በእሱና በእኔ መሃል ያለው የእኔ ስድስት ጨርቅ፣ ውጭ ደግሞ ሁለት። አንዱን አንዱን በልቤ ቆጠርኳቸው። መሃል ላይ ስንደርስ ተቆጣጣሪው ሞተሩን አስጠፉና ጋዜጣውን ከሥሬ ሳብ አድርገው አወጡት። ደረቅ ነው። በእጃቸው አሹት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ። ባለቤቴ ግራ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቀረ።

ቆይቶ ቀና በይ አለኝ። ቀና አልኩ። ከተማችን እንዲህ ትንሽ መሆኗን አላውቅም ነበር። ጣሪያዎቹ፣ መውረጃው፣ መጠለያው ይታያሉ። ከዚያ የእኔ መስኮት። ጠዋት የስፌት መኪናዬ ላይ ጥዬው የመጣሁት ቢጫ ቀሚስ ከዚህ ሁሉ ርቀት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሬዲዮን ሃያ ሁለት ዓመት በከንቱ ጠርጥሬዋለሁ።

"ከዚህ ይታያል?" አልኩት ባለቤቴን።

"ከዚህ ነዋ የማየው። መጋረጃው ከተዘጋ ሞተሩን እጨምራለሁ።"

 "እዚያ የምቀመጠው ለብርሃኑ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። "እኔም የማየው መንገድ እንዳልስት ነው።"

ማዶ ስንደርስ አማቴ ከዘራቸውን ይዘው ውሃው ዳር ቆመዋል። ማን እንደነገራቸው አልጠይቅም፤ ሬዲዮ ሰማይ ሰማይ ያያል። ስወርድ ይዘውኝ፣ "ምራቴ ዛሬ ዓለምን ሳትዞር መጣች" አሉና አገላብጠው ሳሙኝ።  ስንመለስ ጀልባዋ ውስጥ ጋዜጣ አልዘረጋሁም።

አሁን የ2ቱን ገጽ ገለጥኩ። ደንበኛ ልብሱን ሲወስድ ከልኩ ግርጌ እጽፋለሁ። "ስም፦ ጀልባ" ከሚለው በታች "በቀኑ ተረክቧል፣ ልክ ነው" ብዬ ጻፍኩ።

ነገ መሻገሪያው ይከፈታል። ነፋሱም ጨርሶ አልተወንም፣ ልቤም ድው ማለቱን የሚተው አይመስለኝም። ቢጫውን ቀሚስ ነገ እጨርሰዋለሁ። ከመተኛቴ በፊት ወንበሬን ትንሽ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ለብርሃኑ ነው።